ለማይሰማ ሰው የተነገረ

ጋሪው ለሦስተኛ ጊዜ ማጥ ውስጥ ሲሰጥም፣ መዳብ ቀጥቃጩ ወርዶ ትከሻውን ከመንኮራኩሩ ጋር አገጣጠመና ገፋ። ዝናቡ ከባርኔጣው ክፈፍ እየተንጠባጠበ በአንገቱ ይገባል። ከላይ የተቀመጠችው ሚስቱ አንድ እጇን በጋሪው ጠርዝ፣ ሌላውን በጉያዋ በያዘችው የመዳብ ማኅደር ላይ አድርጋ ቁልቁል ታየዋለች።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰው። ወገብህን ሰብረህ ቤት ብንገባ ቤቱ ምን ይፈይድልናል?»

እሱም እንደ ልማዱ ያልሰማ መስሎ ገፋ። ጋሪው ተንገጫግጮ ወጣ።

ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ነጂው ልጓሙን ሳበና ጅራፉን ወደ ውሃው ቀሰረ። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ይወርዳል። በገመድ የሚጎተተው መሻገሪያ ጀልባ ከማዶ ታስሯል። ከማዶ ከተማው፣ ከከተማውም መካከል የቤትና የቦታ መዝገብ ቤት ጣሪያ በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። ነጂው ዕቃቸውን አውርዶ፣ የመጡበት መንገድ ጨርሶ ሳይቆረጥ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ባልና ሚስት ፊታቸው ሙላት፣ ኋላቸው ማጥ ሆኖ ቀሩ።

ዘመኑ አዲሱ የመዝገብ አዋጅ ከወጣ አራተኛው ዓመት ነበር። ቀድሞ ቤት የሚሸጠው በሰው ምስክርነት ነበርና፣ ምስክሩ ሲያረጅ የባለቤቱም መብት አብሮ ያረጅ ነበር። አዋጁ ይህን ሊያድን መጣ፤ ዳሩ ግን የራሱን እሾህ ይዞ ነበር የመጣው። ውላቸውን የጻፈላቸው ጸሐፊ በደንበኛው ጆሮ መጮህ ሰልችቶት ነገሩን ለሚስቲቱ እንዲህ ሲል አስረድቷት ነበር፦

«እመቤቴ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። ሻጩ ሻምበል ይህንኑ ቤት ለሌላ ሰው ሸጦት ቢገኝ የሚረታው ቀድሞ የገዛው አይደለም፤ ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ግን አንድ ነገር አለ። ውላችሁን በመስኮቱ ሰጥታችሁ ሰዓቱ እስኪጻፍ ድረስ፣ የሌላውን ሰው ውል የሰማችሁ እንደሆነ መቅደማችሁ ከንቱ ነው። መዝገብ ላይ እጃችሁን አስቀምጠው ያስምሏችኋል።»

መዳብ ቀጥቃጩ አጠገባቸው ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይህን ሁሉ ቃል በቃል ሰምቶ ነበር።

አርባ ዓመት የመዳብ ሰሌዳ ሲቀጠቅጥ ግራ ጆሮው በእርግጥ ሞቷል። ቀኙ ግን በሁለተኛው ክፍል የወደቀች መርፌ ይሰማል። ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሱና ሚስቱ። ሰፈሩ «አይሰሜ» ብሎ ሲሰይመው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ስሙን እንደ ካባ ደረበው። ነገረኛ ደንበኛ ሲመጣ፣ የማኅበሩ አለቃ ለስብሰባ ሲጠራው፣ አማቱ ስለ ቀድሞ ዘመኗ ስትጀምር፣ እሱ መዶሻውን ያነሣል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ለሌላው ሰው አባባል ነው፤ ለእሱ ግን እንደ መዶሻና እንደ ጉጠት ያለ የሥራ መሣሪያ ነበር። ሰዎችም ይህን አምነው፣ ለማንም የማይነግሩትን ጉድ በፊቱ ያወሩ ነበር።

በገመዱ ሥር ያለው መጠለያ በሦስት ወገን በሳንቃ የታጠረ፣ በአራተኛው ወደ ውሃው የተከፈተ ጠባብ ክፍል ነው። ሲገቡ አንዲት ሴት ቀድማ ተቀምጣ አገኟት፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች፣ የቆዳ ከረጢት በጭኗ ላይ ያኖረች። ከረጢቱ ሲከፈት መቀስና የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይታያል። አዋላጅ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም።

«ይቀመጡ አባቴ» ብላ ተነሣችለት።

«አይሰማም» አለች ሚስቱ፤ ይህን ለእንግዳ ሰው መንገር እንደ ሰላምታ የለመደችው ነበር። «ምልክት ስጪው፤ ይቀመጣል።»

አዋላጇ በእጇ ሳንቃውን መታ መታ አደረገችለት። ተቀመጠ። ሚስቱ፣ ጀልባው መቼ እንደሚመጣ ከገመድ ጠባቂው ልትጠይቅ፣ ማኅደሩን በኩታዋ ሥር እንደያዘች ወጣች። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ሁለቱ ለብቻቸው ቀሩ።



«እንኳንም የማይሰሙ ሆኑ» አለችው አዋላጇ፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። «ለሚሰማ ሰው ስነግር ‹ብዬሽ ነበር› ይለኛል። እህቴም ብላኛለች፤ ጎረቤቴም ብላኛለች። ሁሉም ብለውኝ ነበር አሉ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት።»

እሱ ዝናብ ያራሰውን ጢሙን ጨመቀ።

«ቤት ገዛሁ፣ አባቴ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሰው ልጅ ስቀበል ኖሬ፣ የራሴ የምለው በር ይኑረኝ ብዬ። ውሉን ተፈራርመን ቁልፉን ሰጠኝ፤ ገባሁ። ‹አስመዝግቢው› ሲሉኝ፣ ‹እኔው ውስጡ ተኝቼ ማን ይወስድብኛል› አልኩ። ደግሞ መቼ ጊዜ አለኝ? ምጥ ቀጠሮ አያውቅ። ባለፈው ወር ገጠር ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ፣ ጎረቤቴ ‹ቤቱን የሸጠልሽ ሻምበል አንድ ሽማግሌ ይዞ ግቢሽን ሲያስጎበኝ ነበር› አለችኝ። ሻምበሉን ብፈልግ፣ መርከብ ተሳፍሯል ወዴት እንደሆነ አይታወቅም አሉኝ።»

መዳብ ቀጥቃጩ የጢሙን ውሃ መጭመቁን አላቆመም። 

«ምኑን ልንገርዎ» ቀጠለች፣ ፈገግ እያለች። «ቤቱ እንኳ ቤት ሆኖ አይደለም። በስተጀርባው የአሮጌው ወህኒ ቤት ግንብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የለኝም። በፊት ለፊቱ ቆዳ ፋቂዎቹ ናቸው፤ ሽታው ለጠላት አይስጥ። ግን ጉድጓዱ ጣፋጭ ውሃ አለው። ደጁን ሰማያዊ ቀባሁት፤ በሌሊት የሚጠራኝ ሰው እንዳይስት ብዬ።»

ሰማያዊ ደጅ። የወህኒ ቤት ግንብ። ሻምበሉ በዚያ ደጅ ሲያስገባው፣ ከመዝጊያው ሥር ጥንድ የሴት ጫማ አይቶ በጣቱ ጠቁሞ ነበር። ሻምበሉም በጆሮው ጮሆ «ተከራይ ናት፤ ትለቃለች» አለው። ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ይገባው እንደነበር አሁን አወቀ። በዚያን ጊዜም ሳያውቀው አልቀረም፤ ግን ልጁ ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች ይዛ በወሩ መጨረሻ ልትመጣ ነው፤ ለቤቱ ሲል ምድጃውንና ወናፉን ሳይቀር የአባቱን የመቀጥቀጫ ቤት ሸጧል፤ ሌላ ጣሪያ የላቸውም። ላለመስማት የሠለጠነ ሰው ላለማየትም አይቸገርም።

ሚስቱ ስትመለስ ከሳንቃው ተነሥቶ ክንዷን ያዘና ከመጠለያው ኋላ፣ ወደ ገመዱ ምሰሶ ወሰዳት። በዝናቡ ውስጥ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ ሁሉንም ነገራት፤ ሰማያዊውን ደጅ፣ ሁለቱን ዓመት፣ ያልተመዘገበውን ውል። ሲጨርስ ፊቷን አየ። የተነገራት ነገር አያስደነግጣትም ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን በምሰሶው ተደገፈች።

«ምነው ለእኔ ነገርከኝ?» አለች።

«ለማን ልንገር ታዲያ?»

«ለማንም። ሆድህ ይፍጀው ነበራ።» ኩታዋን በፊቷ ላይ ሳበች። «አንተ አትሰማም፤ አገር ያውቃል። እኔ እዚያ ባልነበርኩ ጊዜ የተባለውን እኔ አልሰማሁም። ንጹሕ ነበርኩ። አሁን አቆሸሽከኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። አርባ ዓመት ሰምቶ ዝም ያለ ሰው፣ ዝም ማለት በሚገባው በአንዲት ሰዓት መናገሩ ገባው።

«እንንገራት» አለ ቀስ ብሎ። «ገዢዎቹ እኛ ነን እንበላት።»

«ከዚያስ? ልጅህን በየትኛው ሰማያዊ ደጅ ልታስገባት ነው? ሻምበሉን ባሕር ላይ ልትከሰው ነው?»

 ማዶ የጀልባው ደወል ተደወለ።

ጀልባው ሲሻገር ገመዱ እየጮኸ፣ ውሃው ከጎን እየመታ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሊጠርጋቸው ምንም ያህል አልቀረውም። ከማዶ ያለው ዳገት በጭቃ የተለሰነ ደረጃ ነው። አዋላጇ ቀልጣፋ ናትና ቀድማ ወጣች፤ ግማሽ መንገድ ደርሳ ዘወር ስትል ሽማግሌው ሲንሸራተት አየች። ተመልሳ ወረደች።

«ይያዙኝ አባቴ» አለችው፣ እንደማይሰማ እያወቀች። ክንዱን በክንዷ ቆልፋ እስከ ላይ ጎተተችው። አጥብቃ ነበር የያዘችው፤ ሊያስለቅቃት ቢሞክርም አልለቀቀችውም። በድንጋይ በተነጠፈው መንገድም ስትደግፈው በርምጃው ልክ ሄደች። ሚስቱ ከኋላ ተከተለች።

በመዝገብ ቤቱ ደጅ ዘበኛው ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ነሐስ ይሰጣል። አዋላጇ ደረሰችና ወደ ጎን ቆመች።

«እነሱ ይቅደሙ» አለችው ዘበኛውን። «ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሰው ቢቀድመኝ ምን ይጎድልብኛል?»

ሰባተኛው ነሐስ ለባልና ሚስቱ፣ ስምንተኛው ለእሷ ሆነ።

አዳራሹ የእርጥብ ሱፍና የቀለም ሽታ ይሸታል። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብለው ተሠርተዋልና ከውስጥ ሆኖ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይም። የመዝገብ ሹሙ ከከፍተኛ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ መነጽሩን በገመድ አንጠልጥሎ፣ በቀኙ ለቀለም ማድረቂያ አሸዋ፣ በግራው ቀይ ሰም። በፊቱ የተዘረጋው መዝገብ ስፋቱ እንደ ገበታ ነው። ሰባት ሲጠራ ሚስቱ ማኅደሩን ከፈተች። ሹሙ ውሉን ተቀብሎ አስቀድሞ የግድግዳውን ሰዓት አየና ጻፈ፦ ሰባት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«በምሥራቅ የቆዳ ፋቂዎች መንገድ፣ በምዕራብ የአሮጌው ወህኒ ቤት ግንብ፣ በሰሜን የመጋዝ ቤቱ አጥር፣ በደቡብ ጉድጓድ ያለው…»

«ቆይ» አለች አዋላጇ ከኋላቸው። «ይኼ እኮ የእኔ ቤት ነው።»

«ሴትዮ፣ ተራሽ አልደረሰም» አለ ሹሙ።

«ተራዬን አልጠየቅኩም፣ ጌታዬ። ያነበቡት የእኔ ቤት ነው። ከሻምበሉ የገዛሁት። ውሉ ይኸው።» ከከረጢቷ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።

«በመዝገብ አለ?»

«ላስመዘግበው ነው የመጣሁት።»

ሹሙ መነጽሩን አወረደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። «በእጅ ያለ ውል የሚናገረው ለያዘው ሰው ነው። በመዝገብ ያለ ውል ግን ለአገር ሁሉ ይናገራል። ያንቺው ገና አፉን አልከፈተም። የእነሱ ሰዓት ተጽፏል፤ ከእንግዲህ የሚነገር ሁሉ ዘግይቶ የተነገረ ነው።»

«አልዘገየሁም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ዛሬ ጠዋት ነግሬያቸዋለሁ። በጀልባው መጠለያ፣ ከእግር እስከ ራሱ።»

 ሹሙ ብዕሩን አቆመ። «ለማን ነገርሽ?»

«ለእሳቸው።»

«ሰምተውሻል?»

አዋላጇ ወደ መዳብ ቀጥቃጩ ፊት አየች፤ እሱም እንደማይሰማ ሰው ወደ ቀዩ ሰም ይመለከት ነበር። አዎን ብትል የእሷ ቃል ከእነሱ ቃል ጋር ይፋጠጥ ነበር። እሷ ግን ሐሰት መናገር አልተማረችም።

«አይሰሙም» አለች። «የነገርኳቸውም ስለማይሰሙ ነው።»

ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። «ለድንጋይ ነግራ ድንጋይ ትከሳለች» አለ።

ሹሙ ሳቁን በዓይኑ ገሠጸና፣ ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ በተራ ድምፅ «ሽማግሌው፣ ባርኔጣህ ከወለሉ ላይ ወድቋል» አለ። መዳብ ቀጥቃጩ አልተንቀሳቀሰም። ይህን ወጥመድ የሰፈር ልጆች ሁሉ ሞክረውበታል። ሰውነቱ ከሕሊናው ቀድሞ መለሰለት፤ ይህም አስፈራው።

«አዋጁ የማይሰማ ሰው ሲቀርብ ጆሮ የሆነለት ይማልለት ይላል» አለ ሹሙ። «ጆሮው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«እጅሽን በመዝገቡ ላይ አድርጊ። በሐሰት የማለ ሰባት ዓመት እንደሚታሰር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

መዳብ ቀጥቃጩ የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው። «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ ነው። ቢላት ቤቱ ይሄዳል፤ ልጁ በመንገድ ትቀራለች፤ ሚስቱ ግን እጇን ከመዝገቡ ታነሣለች፣ ንጹሕ ሆና። ትንፋሹን ሰበሰበ። ሊናገር ነበር፤ ይህን በኋላ ለራሱ ብዙ ጊዜ ይነግረዋል፣ ሊናገር ነበር። ሚስቱ ግን ባሏን ታውቀዋለችና ትንፋሹን ስትሰማ ቀደመችው። ቃሉን ከአፉ እንደሚጥል ሰው በፍጥነት፣ በአንድ ትንፋሽ ማለች፦

«ሰዓቱ እስከተጻፈበት ድረስ በዚህ ቤት ሌላ ሰው ውል እንዳለው ባሌም እኔም አላየንም፣ አልሰማንም፣ አልጠረጠርንም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«የመጨረሻው አያስፈልግም» አለ ሹሙ፤ መጻፍም ጀመረ።

አለቀ። ከዚህ በኋላ እውነት ቢናገር ወደ ወህኒ ቤት የምትወርደው እሷ ናት። ከአፉ በር ላይ ሚስቱ ራሷ ቆማ ነበር፤ እሷን ረግጦ ካልሆነ አንድም ቃል አይወጣም። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማዋል። ሹሙ የጻፈውን አነበበ፦ «ገዢው ጆሮው ፈጽሞ የማይሰማ በመሆኑ ሚስቱ ምላለታለች። ይህ ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ምዝገባው ይፈርሳል።» አሸዋውን ነሰነሰ፤ ሰሙን አቀለጠ፤ ማኅተሙን ረገጠ።

«የአንቺንም እጽፋለሁ» አለ ለአዋላጇ። «ግን ከእነሱ በታች ነው። ሻምበሉን ክሰሺ።»

«ሻምበሉ የት አለና?»

«እሱን መዝገቡ አያውቅም።»

ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሚስቱ ማንንም ሳታይ ደረጃውን ወርዳ ከታች ቆመች። መዳብ ቀጥቃጩ ግን ከላይ ቀርቶ ሳለ አዋላጇ ወጣች። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። ሊመጣ ያለውን ስድብ ጠበቀ፤ ስድቡን ተመኘውም።

«በእርስዎ አልቀየምም፣ አባቴ» አለችው። እንባዋን በክርኗ ጠረገች። «እርስዎ ምን ያውቃሉ? ሚስትዎም አላወቀች። ያንን ሻምበል ግን ፈጣሪ ይየው።» ከረጢቷን ደረጃው ላይ አኖረች። «ለማን ልንገር እንግዲህ? ለእርስዎ ልንገርዎ። በክረምት ከወህኒው ግንብ ጋር ያለው ማዕዘን ያፈስሳል፤ ከሥሩ አልጋ አያኑሩ። የጉድጓዱ ገመድ አርጅቷል፤ ልጅ እንዳይስበው። በሌሊት ደጁን የሚያንኳኳ ሰው ይመጣል፤ ምጥ ይዟት የምትጮህ ሚስት ያለችው ነው። አዋላጇ ወጥታለች፣ ከእህቷ ጋር ከመጋዝ ቤቱ ማዶ ናት ይበሉት። እባክዎ ይንገሩት። ምን አስቤ ነው፣ እርስዎ መች ሲያንኳኳ ይሰሙና።»

እጁን ጨብጣ፣ ከረጢቷን አንሥታ ወረደች። እሱ በአንዲት የፊቱ ጅማት እንኳ አልመለሰላትም። እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ የጫማዋን ድምፅ ቆጠረ።

«ና እንጂ፣ እንሂድ» ብላ ሚስቱ ከታች ጠራችው።

አልዞረም።

ዳግመኛ ጠራችው። ቀጥሎ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወጥታ እጅጌውን ነካችው። የዚያን ጊዜ ብቻ ፊቱን አዞረላት።

«ሁለት ጊዜ ጠራሁህ እኮ» አለችው፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ። «አሁን ማንም የለም። እኔ ነኝ።»

እሱም ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ ሳያነሣ፣ ደግማ እንድትነግረው በእጁ ምልክት ሰጣት።